ብሎክ ማድረግሽን እህትሽ ታውቃለች?

ጥያቄ፦ 29 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። ከሽሮ ሜዳ ወጥተን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባን ሁለት ዓመት ሆነን። የልጄን ልደት ፎቶ ፌስቡክ ላይ ስለጥፍ ታላቅ እህቴ ሰው ሁሉ እያየ «ኬክ ከመቁረስሽ በፊት መጥተሽ እማዬን ጠይቂ» ብላ ጻፈችብኝ። የባሌ ዘመዶች ሳይቀሩ አነበቡት። የዚያኑ ዕለት በፌስቡክም በቴሌግራምም ብሎክ አደረግኳት፤ ስምንት ወር ሆነ። ነገር ግን የቤተሰብ ግሩፓችን ላይ የምጽፈውን አሁንም ታነባለች። ሰሞኑን ደግሞ ፌስቡክ ላይ ብሎክ ላደርጋት ስሞክር እምቢ ይለኛል። እማዬ እዚያው ከእሷ ጋር ናት። እትዬ ድሮም ሰው ፊት ማዋረድ ትወዳለች። ሙሉ በሙሉ እንዳታየኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከፌስቡኩ ልጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው። ፌስቡክ ብሎክ ያደረግሽውን ሰው አንዴ ከከፈትሽለት፣ ያንኑ ሰው መልሰሽ ለመዝጋት 48 ሰዓት ያስጠብቅሻል። ስልክሽ አልተበላሸም። ሁለት ቀን ስትታገሺ ይሠራል።

ነገር ግን ይህ እምቢታ ቀድሞ ላልከፈተ ሰው አይመጣም። ስምንቱን ወር ዘግተሽ ከርመሽ ቢሆን ኖሮ እንደገና መዝጋት ባላስፈለገሽ ነበር። ሰሞኑን ከፍተሽላት ነበር ማለት ነው። ይህን አልጻፍሽልኝም፤ አልፈርድብሽም። ልጅ ከተኛ በኋላ ከፍቶ፣ ፎቶዋንና የለጠፈችውን አይቶ መልሶ የሚዘጋ ሰው ብዙ ነው። «ሙሉ በሙሉ እንዳታየኝ» ብላ የጻፈችልኝ አንቺ ነሽ፤ ከፍታ የምታየውም አንቺ ነሽ። እኔ ማነጋገር የምፈልገው ሁለተኛዋን ነው።

ያደረግሽው ነገር በእኛ ዘንድ የቆየ ስም አለው፤ ኩርፊያ ይባላል። ኩርፊያ ደግሞ ሰው እንዲያየው ነው የሚደረገው። እራት አልበላም ብሎ ጓዳ የሚገባ ልጅ በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል፤ «ና እንጂ» የሚለውን ድምፅ መስማት አለበታ። ሽሮ ሜዳ አንድ ግቢ ውስጥ እያላችሁ ሰላምታ ብትነፋፈጉ ኖሮ በሦስተኛው ቀን ጎረቤት ቡና ላይ «ምነው እናንተ?» ማለቷ አይቀርም ነበር። አክስት ትጠራለች፣ ሽማግሌ ይገባል፣ አንዳችሁ ታለቅሳላችሁ፣ ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ ነገሩ ይበርድ ይሆናል። አኩራፊ የሚታረቀው ስላኮረፈ ሳይሆን ማኩረፉ ስለታየለት ነው። አሁን በምትኖሩበት ቦታ ግን ያ ጎረቤት የለም። ከሽሮ ሜዳ ቱሉ ዲምቱ የከተማዋ ሁለት ጫፍ ነው፤ ታክሲ ሁለት ሦስቴ ቀይሮ «ምነው?» ለማለት የሚመጣ ሰው አይገኝም።

ብሎክ ኩርፊያን ይመስላል፤ የጎደለው ምስክር ነው። እህትሽ በእሷ ስልክ ላይ ምን እንደምታይ አስቢው። ቴሌግራም «እህትሽ ዘግታሻለች» ብሎ አይነግራትም። ፎቶሽ ይጠፋል፣ ከስምሽ ሥር ከገባሽ ብዙ ጊዜ እንደሆነሽ የሚገልጽ ጽሑፍ ይመጣል፣ የላከችው መልእክት አንድ ራይት ላይ ይቀራል። በቃ። አንድ ራይት ደግሞ እኛ አገር ትርጉሙ ብዙ ነው፦ ኔትወርክ የለም፣ ፓኬጅ አልቋል፣ መብራት ጠፍቶ ስልኳ ሞቷል። ግሩፑ ላይ ስትጽፊ ስለምታይ ጠርጥራ ይሆናል፤ የጠረጠረ ሰው ግን ሽማግሌ አይልክም። አንቺ እንድትጠየቂ ስምንት ወር ጠብቀሻል፤ እሷ መጠየቅ እንዳለባት እንኳ ላታውቅ ትችላለች።

ሌላም አለ። ብሎክ አድርገሻት ሳለ የላከችው መልእክት በኋላ ብትከፍቺላትም አይደርስሽም፤ ቀረ ማለት ነው። «ተናድጄ ነው፣ ይቅርታ» ብላ ጽፋ ሊሆን ይችላል፤ ምንም አልጻፈችም ይሆናል። ከፍተሽ የምትፈልጊው ይህን ከሆነ እዚያ አታገኚውም።

የግሩፑንም ቅሬታሽን ከዚሁ ጋር ነው ያነበብኩት። ቴሌግራም ላይ ብሎክ የሚሠራው በሁለታችሁ መካከል ብቻ ነው፤ የጋራ ግሩፕ ውስጥ እሷም ያንቺን፣ አንቺም የእሷን ታነባላችሁ፤ ይህን የሚቀይር ሴቲንግ የለም። መውጫው አንድ ነው፦ ከግሩፑ መውጣት። ለዚያ ሁለቴ መንካት ይበቃል፤ አንቺ ግን ስምንት ወር አልወጣሽም። በሩን ገርበብ ያደረግሽው እዚያ ነው። መደበኛ ስልክሽንም ስለመዝጋትሽ አልነገርሽኝም። ደውላ ቢሆን ትጽፊው ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ ከአስተያየቱ ይልቅ የሚያመውም ይህ ዝምታ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን የማትወጂውን ልናገር። እህትሽ ያንን በሰው ፊት መጻፏ ስህተት ነው፤ ምክንያቷ ምንም ይሁን ምን፣ ለብቻሽ ደውላ መናገር ነበረባት። ሆኖም በደብዳቤሽ ውስጥ «ውሸቷን ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ስለ እናትሽ ያለው «እማዬ እዚያው ከእሷ ጋር ናት» የሚለው ብቻ ነው። ትታመም፣ ደህና ትሁን፣ ማን እንደሚያስታምማት፣ መቼ እንዳየሻት አላውቅም። ከዚያች መስመር በኋላ ነው ደግሞ እስከዚያ «እህቴ»፣ «እሷ» ስትያት የነበረችው ሴት «እትዬ» የሆነችው። ስለ እናትሽ ስትጽፊ አፍሽ የለመደው ስም የመጣ ይመስለኛል። እህትሽን ስትዘጊ እናትሽንም አብረሽ ዘግተሽ ይሆን? ፈልገሽ ነው አልልም፤ የእማዬ ወሬ የሚመጣው በእሷ በኩል ከሆነ ግን ውጤቱ ያው ነው።

እስክትወስኚ ድረስ ግላዊነትሽን መጠበቅ መብትሽ ነው፤ ለዚህም ብሎክ የግድ አያስፈልግም። ፌስቡክ ብሎክ ሲደረግ ጓደኝነቱንም ያፈርሰዋል፤ ብትከፍቺም በራሱ አይመለስም፣ እንደገና ጥያቄ መላክ ይጠይቃል። ስለዚህ አሁን እህትሽ የምታየው ለሁሉም ክፍት ያደረግሽውን ብቻ ነው። ከፕራይቬሲ ሴቲንግ ውስጥ የወደፊት ልጥፎችሽን «ፍሬንድስ» ላይ አድርጊ፤ «ሊሚት ፓስት ፖስትስ» የሚለው ደግሞ ቀድሞ ለሁሉም ክፍት የነበሩትን በአንድ ጊዜ ወደ ጓደኛ ብቻ ያወርዳቸዋል (አንድ በአንድ ካልሆነ በቀር መልሶ መክፈቻ የለውም)። ቴሌግራም ላይ ብሎኩን አንስተሽ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ ፎቶሽንና የገባሽበትን ሰዓት ከእሷ ብቻ መደበቅ ትችያለሽ፤ መልእክቷ ግን ይደርስሻል። ግሩፑን ሚዩት ማድረግ ይቻላል። በጋራ ዘመድ ስልክ ለሚታየው ነገር ግን የትኛውም አፕ መፍትሔ የለውም።

ይህ ሁሉ ለእህት ነው። የሚያስፈራራሽ፣ ፎቶሽን እበትናለሁ የሚል፣ ወይም አልፈልግህም ያልሽው ሰው ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ነበር፦ መጀመሪያ ስክሪንሾት፣ ከዚያ ብሎክና ሪፖርት፣ ማስፈራሪያ ካለው ደግሞ ፖሊስ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ላለው የተጻፈ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ሌሊት መክፈትም አያስፈልግም።

እንግዲህ አንድ እሑድ ልጅሽን ይዘሽ ሽሮ ሜዳ ብትሄጂ ጥሩ ይመስለኛል። የምትሄጂው እናትሽን ለማየት ነው፤ ስለ አስተያየቱ እሷ ፊት ባይነሳ ይሻላል። እህትሽን ለብቻዋ ስታገኚያት «በጣም አዝኜብሽ ነው የዘጋሁሽ» በያት፤ ምን እንደምትመልስ ልነግርሽ አልችልም። በመጀመሪያው ቀን ላይሆን ይችላል፤ ሰው ፊት የማዋረዱ ነገር የቆየ ከሆነ ከልጅነት የመጣ ቁስል አለ ማለት ነው፤ ያንን በአንድ ደብዳቤ መፍታት አይቻልም። ፈቃደኛ ከሆነች ሁለታችሁም፣ ካልሆነች አንቺ ብቻሽን፣ ከባለሙያ ጋር ፊት ለፊት ብትቀመጡ እመክራለሁ። ባለሙያው ጋ ስትሄጂ የፌስቡኩን ሳይሆን የእማዬን ጉዳይ ይዘሽ ሂጂ።