ውሃሽ ሳጥን ውስጥ ነው

የፖሊቴክኒክ ተማሪ የሆነች አንባቢ እንዲህ ጽፋልኛለች፦ «የመመረቂያ ሥራዬ የአውሮፕላን አካል ቁራጭ ጣና ላይ በሆዱ ሲወድቅ በኮምፒውተር ማስላት ነው። ቁራጩ 1 ሜትር ርዝመት፣ 300 ኪሎ ክብደት አለው፤ በሰከንድ 4 ሜትር ይወርዳል። ውሃው 2 ሜትር ጥልቀት አለው፣ የአየሩን ግፊት 101 ኪሎፓስካል አድርጌዋለሁ። ሆዱ ላይ የሚያርፈው የውሃ ግፊት መጀመሪያ ይዘላል፣ 2.7 ሚሊሰከንድ ላይ ድጋሚ ይዘላል፣ ትንሽ ቆይቶ ‹ኔጋቲቭ ቮሊዩም› ብሎ ይቆማል። እዚያ ለመድረስ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል። ላፕቶፕ ልቀይር?»

ገንዘብሽን ያዢ እህቴ። የታመመው ውሃሽ ነው።

ሁለተኛዋ ዝላይ ራሷን አጋልጣለች። ድምፅ ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1480 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 2 ሜትር ወርዶ 2 ሜትር ሲመለስ 4 ሜትር ነው፤ ለ1480 ስታካፍዪው 2.7 ሚሊሰከንድ ይሆናል። የምታዪው የመጀመሪያው ምት፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ውሃውን ከያዘው ሳጥንሽ ወለል ተመልሶ ሲመጣ ነው። ካላመንሽ ወለሉን ወደ 3 ሜትር አውርጂው፣ ዝላይዋ ወደ 4 ሚሊሰከንድ ትሸሻለች። መድኃኒቱ ታቹንና ጎኖቹን ሞገድ የማይመልስ ድንበር ማድረግ ነው፤ የታወቁት ሶልቨሮች (ስሌቱን የሚሠሩት ፕሮግራሞች) አላቸው።

ኔጋቲቭ ቮሊዩም (ከዜሮ በታች የሆነ ይዘት) የመጣው ሜሹን፣ ማለትም ውሃውን ኤለመንት በሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች የሚከፋፍለውን መረብ፣ ከውሃው ጋር ስላሰርሽው ነው። ውሃው ሲረጭ ኤለመንቱም አብሮ ይጣመማል፣ በመጨረሻ ውስጡ ወደ ውጭ ይገለበጣል። የጣና ዓሣ አጥማጅ መረብ ውሃውን ያሳልፋል እንጂ አብሮት አይፈስም፤ ኤኤልኢ የሚባለው ዘዴ እንደዚያ ነው። ውሃን በቅንጣቶች የሚተካው ኤስፒኤችም አለ። ርጭቱን ግሩም አድርጎ ያሳያል፣ ግን ብዙ ቅንጣት ይፈልጋል፣ የግፊት ግራፉም ይንቀጠቀጣል። ባንቺ ላፕቶፕ እኔ ብሆን ኤኤልኢን እመርጣለሁ።

ሌሊቱን የሚፈጀውስ? ሶልቨሩ በአንድ የጊዜ እርምጃ መሄድ የሚችለው ድምፅ ትንሿን ኤለመንት አቋርጦ እስኪያልፍ ብቻ ነው። የ10 ሚሊሜትር የውሃ ኤለመንት ወደ 7 ማይክሮሰከንድ ይፈቅዳል፣ የ5 ሚሊሜትር አሉሚኒየም ደግሞ 1 ገደማ። በ1 ማይክሮሰከንድ ብትሄጂ 2.7 ሚሊሰከንድ 2700 እርምጃ ብቻ ነው፤ ሌሊት አያስፈጅም። ስለዚህ አንድ ቦታ፣ ምናልባት ሪቬት (ቆርቆሮ ማያያዣ ምስማር) አጠገብ፣ የተረሳች ሚጢጢ ኤለመንት አለች፤ ወይም እየተጨፈለቀ ያለው ውሃ እርምጃውን እያሳጠረ ነው። የትንሿን ልክ ሶልቨሩ ራሱ ይጽፍልሻል፣ ፋይሉን ክፈቺና እዪ። ብዙ ተማሪ አይከፍተውም።

ድጋሚ ከማስሮጥሽ በፊት እርሳስ አንሺ። የአየር በረራ ሳይንስ ሊቁ ፎን ካርማን በ1929 እ.ኤ.አ. ለባሕር አውሮፕላን ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራል፦ የሚወድቀው አካል ከሥሩ ያለውን ውሃ አብሮ ይነዳል፣ ሞመንተሙ (ክብደት ሲባዛ በፍጥነት) ግን ያው ነው። የረጠበው ወርድ 1 ሜትር ሲደርስ አብሮ የሚነዳው ውሃ 1000 (የአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ኪሎ) ሲባዛ በፓይ፣ ሲባዛ በ0.5 (የወርዱ ግማሽ) ካሬ፣ ሲካፈል ለ2፤ ማለትም 393 ኪሎ ገደማ ነው። 4ን በ300 አባዝተሽ ለ693 አካፍዪ፦ 1.7 ሜትር በሰከንድ። ዋግነር የተባለ መሐንዲስ በ1932 እ.ኤ.አ. በጎን የሚከመረውን ውሃ ጨምሮበታል፣ ወርዱን ስትለኪ እሱንም ቁጠሪ። ኮምፒውተሩ እዚያች ቅጽበት ላይ 3 ካለሽ ውሃው በቆርቆሮው እየሾለከ ነው።

101 ኪሎፓስካል የባሕር ጠለል ነው። ጣና 1800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ግፊቱም 82 አካባቢ። ቁልቁል ብቻ ለምትጥዪው ቁራጭ ልዩነቱ ብዙም አይታይም። ወደ ፊት እየተንሸራተተ ሲያርፍ ግን ክብ የሆነው የኋላ ሆድ ውሃውን ይስባል፣ ጭራውም ወደ ታች ይጎተታል። ያ የመሳብ ኃይል ገደብ አለው፣ ከዚያ በላይ ውሃው ይተናል፦ ባሕር ላይ 99 ኪሎፓስካል ገደማ፣ እዚህ 80። አየሩም ስስ ስለሆነ ያው አውሮፕላን እዚህ ሲያርፍ ፍጥነቱ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ ጉልበቱም 19 በመቶ ገደማ። አማካሪሽ ስለ ጣና ሲጠይቅሽ መልሱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ግራና ቀኙ አንድ ነውና ራም (የኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ) ለመቆጠብ የአካሉን ግማሽ ብቻ ሥሪ የሚልሽ አይጠፋም። ለቀጥታ ውድቀት እኔም አደርገዋለሁ። በኅዳር 1989 ዓ.ም. ኮሞሮስ አጠገብ የወደቀው ቦይንግ 767 ግን ባሕሩን መጀመሪያ የነካው በግራ ክንፉ በኩል ነበር። መዘንበል ከገባበት ሙሉውን ሥሪ።