ገንዳው ይቆይ ወይስ ይነሳ?
ወንድሜ፣ የገዛኸው ቤት ጓሮ ውስጥ ያለውን ከመሬት በላይ የቆመ መዋኛ ላቆየው ወይስ ላስነሳው ላልከው፣ መጀመሪያ የብረት ግድግዳውን እይ። በተለይ ውሃው ወደ ማጣሪያው የሚወጣበትን ቀዳዳ ዙሪያና መሬት የሚነካውን ጠርዝ። ቀለሙ ያበጠበትን በጣትህ ጫን በለው፤ ከሰረጎደ ዝገት በልቶታልና አስነሳው። 24 ጫማ ስፋትና 4 ጫማ ጥልቀት ያለው ክብ ገንዳ 13,500 ጋሎን ገደማ ይይዛል፤ ይህ ከ50 ቶን በላይ ውሃ ነው፤ ግድግዳው ከተቀደደ በአንዴ ነው የሚለቀው።

ግድግዳው ደህና ሆኖ የውስጥ ፕላስቲኩ ብቻ ካረጀ ይለወጣል። ለብርዱ ወራት ብለህ ግን ጨርሰህ ባዶ አታድርገው፣ ፕላስቲኩ ይኮማተራል፤ ግድግዳውንም ነፋስ ያጎብጠዋል።

ትንንሽ ልጆች ካሉህ መሰላሉ ከዋና በኋላ ወዲያው ይነሳ። አጠገቡ ወንበርም ሳጥንም እንዳይቀመጥ፣ አደራ!