ጎርጎራ የሚቆም አሮጌ ካራቫን፦ ሲሊኮን ከመግዛትሽ በፊት

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት የአዘዞ እህታችን ነው። በአጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? አንድ አሮጌ ተጎታች ካራቫን ከጨረታ ገዝቻለሁ። ድሮ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ መኝታ ሆኖ ያገለገለ ነው። ላዩ አሉሚኒየም፣ ውስጡ ፕላይውድ ነው። ጎርጎራ ጣና ዳር፣ በዘመድ መሬት ላይ አቁሜ እንግዳ ላሳድርበት አስቤያለሁ። ቦታውንም ባለፈው ሳምንት ሄጄ መርጫለሁ፤ ውሃው አፍ ላይ ነው። ችግሩ ግን ብዙ ነው። ለሙከራ አድረንበት ጠዋት ስንነሳ፣ ዝናብ ሳይኖር ግድግዳው ውሃ ያንጠባጥባል። በበሩ በኩል ያለው ወለል ሲረግጡት ይሰምጣል። የጋዝ ምድጃው እሳት ቢጫ ነው። አንድ ባለሙያ መገጣጠሚያውን ሁሉ በሲሊኮን ልድፈነው አለኝ። ውሃ ዳር የቆመ ካራቫን ጨው ይበላዋል ያሉኝም አሉ። አንቱ ምን ይላሉ?»

እህቴ፣ እንኳን ሰውየው ሥራውን ሳይጀምር ጠየቅሽ።

ከጨው ልጀምር፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። ጨው የባሕር ጣጣ ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ገደማ ጨው ይይዛል። ነፋሱ ያንን እያነሳ ብረቱም አሉሚኒየሙም ላይ ይረጨዋል። አሉሚኒየም ላይ የብረት ብሎን ከታሰረ ደግሞ ይብሳል። ጨዋማው እርጥበት ሁለቱን ያገናኝና በብሎኑ ዙሪያ ያለውን አሉሚኒየም ነጭ ዱቄት ያደርገዋል። ምጽዋና አሰብ የሠራ ሰው ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። ፈረንጆቹም ባሕር ዳርቻ ላይ ያቆሙትን አሮጌ ካራቫን ደጋግመው በንጹህ ውሃ የሚያጥቡት ለዚህ ነው። ጣና ግን ጨው የለውም። ያንቺ ጠላት ተራ እርጥበት ነው፤ እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ሳይዘንብ ጠዋት ጠዋት የሚንጠባጠበው ውሃ ከሰማይ አልመጣም። የመጣው ውስጥ ካደረው ሰው ነው። ሁለት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ ግማሽ ሊትር ገደማ ውሃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ወደ አየሩ ይለቃል። ሻይ ከተፈላ፣ እርጥብ ፎጣ ከተሰቀለ ይጨምራል። ወደ ንጋት ላይ የአሉሚኒየሙ ቆዳ ይቀዘቅዛል። ያ ሁሉ እንፋሎት ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲያገኝ ጤዛ ይሆናል። ይህን ሲሊኮን አያቆመውም። እንዲያውም ሰውየው መተንፈሻዎቹን አብሮ ከደፈናቸው ይብስበታል።

እርግጠኛ ለመሆን ብዙ ወጪ አያስፈልግም። የሚያንጠባጥበውን ግድግዳ በጨርቅ አድርቂው። ክንድ በክንድ የሚሆን ላስቲክ ለጥፊና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጊው። እንደተለመደው እደሩበት። ጠዋት ውሃው ከላስቲኩ ፊት፣ በክፍሉ በኩል ካለ ጤዛ ነው። ከላስቲኩ ጀርባ ከሆነ ግድግዳው ራሱ ውሃ ጠጥቷል ማለት ነው።

ሳላየው ገምት ካልሽኝ፣ ሁለቱም አለብሽ። ግድግዳው ጤዛ ነው፤ የበሩ ወለል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጤዛ አንድ ጥግ ለይቶ አያበሰብስም። እዚያ በየክረምቱ ውሃ ሲገባ ኖሯል።

ያ ውሃ የሚታይበት ቦታ የገባበት ቦታ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከበሩ ወይም ከመስኮቱ በላይ ባለው መገጣጠሚያ ይገባል። ከዚያ በግድግዳው ውስጥ እንጨቱን ተከትሎ ይወርድና ወለሉ ጠርዝ ላይ ይጠራቀማል። ስለዚህ ፍተሻው ከታች ወደ ላይ ነው። በጎማ ቱቦ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ የጎንደርን የቧንቧ ውሃ ነገር ግን አንቺም ታውቂዋለሽ። ጀሪካን ሙሉ ውሃና ክዳኑ የተበሳሳ የሃይላንድ ላስቲክ ይበቃል። አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይሁን። አንቺ ከውጭ መጀመሪያ የታችኛውን መገጣጠሚያ ብቻ አሥር ደቂቃ ያህል አርጥቢ። ምንም ካልገባ ወደ ላይ አንድ መገጣጠሚያ እለፊ። ከላይ ከጀመርሽ ግን ውሃው ሁሉንም አጥቦ ስለሚወርድ የቱ እንዳፈሰሰ አታውቂም። በኃይል የሚረጭ የመኪና ማጠቢያ እንዳትጠቀሚ፤ ጤነኛውንም መገጣጠሚያ ያስከፍተዋል።

ወለሉን ደግሞ በወስፌ ፈትሺው። ከሰመጠው ቦታ ጀምረሽ ወደ ዳር እየወጋሽ ሂጂ። ወስፌው እምቢ እስኪል ድረስ ያለው ሁሉ በስብሷል። ከምታዪው ሰፋ እንደሚል ተዘጋጂ። ግድግዳውንም ከበሩ ግራና ቀኝ በጣትሽ አንኳኪው፤ ድምፁ የደነዘበት ቦታ ላይ የውስጡ እንጨት የለም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይተሽ እወቂ። ኢንተርኔት ላይ የምታዪው የአሮጌ ካራቫን ጥገና አብዛኛው ኤርስትሪም የሚባለው ያ የሚያብረቀርቀው የአሜሪካ ካራቫን ነው። እሱ አጽሙ ራሱ አሉሚኒየም ነው፤ ቆዳው በብዙ ሺህ ሪቬት ተሰፍቶበታል። (በነገራችን ላይ ኤርስትሪሞች አገራችንን ያውቋታል። እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1960 ከኬፕታውን ተነስቶ ካይሮ የገባው የእነሱ ጉዞ ኢትዮጵያንም አቋርጧል።) ያንቺ ግን ላዩ ላይ የሪቬት መስመር ከሌለውና ማዕዘኖቹ ላይ በብሎን የታሰረ ቀጭን የአሉሚኒየም ክፈፍ ካለው፣ አጽሙ እንጨት ነው። ቆዳው ከዝናብ መከለያ ብቻ ነው፤ ቤቱን ያቆመው እንጨቱ ነው። ለኤርስትሪም የሚሠራው ሁሉ ላንቺ አይሠራም።

ስለ ሲሊኮኑ የምለው ይህ ነው። መገጣጠሚያው ላይ ከላይ የሚለቀለቅ ሲሊኮን ለአንድ ክረምት ያማልላል። አሮጌ ቆሻሻ ላይ ስለሆነ ጠርዙ ይለቅና ውሃው ከሥሩ ይገባል። ከዚያ በገባበት አይወጣም። በኋላ ትክክለኛው ሥራ ሲመጣ ደግሞ ሲሊኮን ነክቶት ያለፈ ቦታ ላይ ቀለምም ሌላ ማሸጊያም እሺ ብሎ አይዝም። ርካሹ፣ ሲጨመቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት፣ እስኪደርቅ የሚለቀው አሲድ አሉሚኒየሙንና ብሎኑን ይበላል። መስታወት ቤት የሚሸጡልሽ ብዙውን ጊዜ እሱን ነው።

ትክክለኛው ሥራ አድካሚ ነው። ክፈፉን ብሎን በብሎን አውልቆ ማንሳት። የደረቀውን ማሸጊያ በእንጨት መፋቂያ ማጽዳት፤ በብረት ከሆነ አሉሚኒየሙን ይቧጭረዋል። በቤንዚን ጨርቅ መጥረግ። የበሰበሰውን እንጨት ቆርጦ በደረቅ ሞራሌ መተካት፤ ብሎን የበሰበሰ እንጨት አይነክስምና። ከዚያ ቢውቲል የሚባለውን፣ በጥቅል የሚመጣውን የማይደርቅ ለስላሳ ማሸጊያ ከክፈፉ ሥር አንጥፎ መልሶ ማሰር። ቢውቲል ካጣሽ የመኪና መስታወት የሚለጠፍበት ጥቁር ማጣበቂያ ይሆናል። ግን ፀሐይ ስለሚጎዳው በክፈፉ ወይም በቀለም መሸፈን አለበት፤ ሌላ ጊዜ ማላቀቁም ፈተና ነው። ብሎኖቹን ከቻልሽ የማይዝገውን ግዢ።

ማሸጉ ከውጭ ብቻ ነው። ከውስጥ የሚያሽግ ሰው ውሃውን ግድግዳው ውስጥ ነው የሚቆልፈው።

ወለሉ ላይ አዲስ ፕላይውድ ከመግባቱ በፊት ጠርዞቹ ሁለት ሦስት ጊዜ የዘይት ቀለም ይጠጡ። ፕላይውድ ውሃ የሚስበው በፊቱ ሳይሆን በጠርዙ ነው።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ በዓመቱ እንደገና የሚያፈስ ካራቫን አለ። ምክንያቱ መሬቱ ነው። የደምቢያ ሜዳ አብዛኛው ዋልካ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በአንድ በኩል የሰመጠ ካራቫን ሻንሲው ይጣመማል፤ ሻንሲው ሲጣመም ማዕዘኖቹ ይከፈታሉ። ስለዚህ ጎማውና ሻንሲው የሚያርፉበትን ቦታ ዋልካውን አስቆፍረሽ በድንጋይና በጠጠር አስሞይው። ዙሪያውን የውሃ መውረጃ ቦይ ይኑረው። አራቱ ጥግ ላይ ያሉት ተጣጣፊ እግሮች ካራቫኑን እንዳይወዛወዝ መያዣ ናቸው እንጂ ክሪክ አይደሉም። በእነሱ አታንሺው። ክብደቱ በሻንሲው ሥር በተደረደረ ጠንካራ እንጨትና ድንጋይ ላይ ይረፍ። ጣሪያው ላይ ውሃ እንዳይተኛ ደግሞ በትንሹ ወደ አንድ ወገን አዘንብዪው፤ በበሩ ተቃራኒ ቢሆን ይመረጣል።

ውሃው አፍ ላይ ያልሽውን ቦታ ግን ተዪው። አሁን ግንቦት ነው፤ ጣና የሸሸበት ጊዜ ነው። ክረምቱ አልፎ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሐይቁ ከፍታው ላይ ይደርሳል። ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በገደል ዳር ይህ ምንም አይደለም፤ በሜዳ ላይ ግን ውሃው ብዙ ርቀት ይመጣል። እዚያው የሚያርሱትን ገበሬዎች ጠይቂ፤ ውሃው ሲሸሽ ተከትለው የሚዘሩት እነሱ ናቸውና የመስከረምን ወሰን በጣታቸው ያሳዩሻል። ከዚያ ወሰን በደንብ ወደ ላይ ውጪ። የወባ አገር መሆኑንም አትርሺ። መስኮቱም መተንፈሻውም ወንፊት ያስፈልገዋል። ወንፊት አየሩን ስለሚቀንሰው የጣሪያው መተንፈሻ ሰፋ ይበል።

አሁን የኔን ምርጫ ልንገርሽ። የአሮጌ ካራቫን ወዳጆች መልኩን አበላሸህ ይሉኛል፤ ይበሉኝ። ካራቫኑ የሚነዳ ሳይሆን የሚቆም ከሆነ በላዩ ዳስ ሥሪለት። በራሱ ቋሚዎች የቆመ፣ ካራቫኑን የማይነካ፣ ከጣሪያው ክንድ ያህል ከፍ ያለ የሣር ክዳን። ዝናቡ አያገኘውም። በረዶ አሉሚኒየሙን አይሰረጉደውም። የቀትሩ ፀሐይ ላሜራውን ምጣድ አያደርገውም። ሌሊትም ጣሪያው ለጠራ ሰማይ ስለማይጋለጥ ብዙ አይቀዘቅዝም፤ ጤዛው ይቀንሳል። የክዳኑን አንድ ጎን ዘርጋ ካደረግሽው የእንግዳ መቀመጫ ይወጣዋል። ከሁሉ በፊት ገንዘብሽን እዚህ ላይ አውዪ።

ቢጫው እሳት ቀልድ አይደለም። ጎርጎራ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ አዘዞ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለቆላማ የፈረንጅ አገር የተሠራ ምድጃ እዚህ የጋዙ መጠን ይበዛበታል፣ አየሩ ያንሰዋል። በደንብ ያልነደደ ጋዝ ሽታ የሌለው ገዳይ ጭስ ይወጣዋል። መጀመሪያ ዢግለሩ፣ ማለትም ጋዙ የሚወጣበት ቀጭን ቀዳዳ ያለው ቁራጭ፣ እና የአየር መግቢያው ይጽዱ፤ ሸረሪት እዚያ ድር ማድራት ትወዳለች። ዢግለሩን በመርፌ የሚጎረጉር ሰው ካየሽ አስቁሚው፤ ቀዳዳው ከሰፋ ጋዙ ይብስ ይበዛል። በአየር ይነፋ። ከዚያ የአየሩን መግቢያ ሰማያዊ እስኪሆን ድረስ መክፈት። አሁንም ቢጫ ከሆነ ጠበብ ያለ ዢግለር ይፈልጋል። እኔ ብሆን ምድጃውን ነቅዬ ዳሱ ሥር አወጣዋለሁ። ወለሉ አጠገብ ያለችውን የመተንፈሻ ቀዳዳም ብርድ ይገባል ብላችሁ እንዳትደፍኗት። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈሰሰ የሚወጣው በእሷ ነው።

ከሰል ደግሞ በፍጹም ውስጥ አይግባ። እንግዳሽ ቡና ይፈላልኝ ሲል ረከቦቱም ምድጃውም ደጅ ነው። በረደን ብለው ፍም ይዘው የሚገቡም ይኖራሉና በሩ ላይ ጽፈሽ ለጥፊ፣ በቃልም ንገሪያቸው። ብርድ ልብስ ጨምሪላቸው።

መብራት ከዘመድሽ ቤት ከሳብሽ፣ የብረት ቤት መሆኑን አስቢ። ሻንሲው ግራውንድ ሽቦ ይኑረው፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚያቋርጥ ብሬከርም ይግባለት። ይህን ኤሌክትሪሺያን ይሥራው፣ ጎረቤት አይነካካው።

ለመጎተቱ፣ ጎርጎራ ከጎንደር 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የቆመ ጎማ አይታመንም። ጎኑ ላይ የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች እዪ። 2314 ቢል በፈረንጆች 2014፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም እንዲህ ያረጀ ጎማ መንገድ ላይ ይፈነዳል። ኩሽኔታዎቹም ተፈትተው፣ ታጥበው፣ አዲስ ግራሶ ይግባላቸው።

ክረምቱ ሊገባ ስለሆነ ክፈፍ ማውለቅ አሁን አይጀመርም። ለጊዜው አዘዞ እንዳለ ሸራ ወጥረሽለት፣ በሩንና መስኮቱን ከፈት እያደረግሽ ይድረቅ። ሸራው ግድግዳውን እንዳይነካው። መስቀል ካለፈ በኋላ እንጨቱ ይከፈታል። እስከዚያ የበሩን ጥግ ከሥሩ፣ ከሻንሲው በኩል፣ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። የሻንሲው ተሻጋሪ ብረት ዝጎ ከሳሳ ወለሉ ሳይነካ ብየዳ ይቀድማል።