ጡረታ እስክትወጡ አትጠብቁ

ብዙ ዓመት ውጭ የኖረ ሀበሻ ቤት ስትገቡ ግድግዳው ላይ የጀበና ሥዕል አታጡም። ሥዕሉን ገዝቶ የሰቀለውን ሰው ትንሽ ብታጫውቱት ደግሞ ልጅ እያለ የደብተሩን ጀርባ በሥዕል ይሞላ የነበረ፣ ለባዮሎጂ መምህሩ የልብን ቅርጽ ሰሌዳ ላይ እየሣለ ይመሰገን የነበረ ተማሪ ሆኖ ታገኙታላችሁ። "ታዲያ ለምን ተውከው?" ስትሉት መልሱ ይታወቃል። "ኧረ እትዬ፣ አሁን ለሥዕል ጊዜ አለ? ጡረታ ስወጣ እንግዲህ።"

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እንጀራዬ አረጋውያን መንከባከብ ስለሆነ ጡረታን በቅርብ አውቀዋለሁ። በምሠራበት ቤት ከሰዓት በኋላ ቀለምና ብሩሽ ይቀርብላቸዋል። ብሩሹን ደስ ብሎት የሚያነሣው በአብዛኛው ድሮም ይሥል የነበረው ነው፤ ሌላው እጁን ጭኑ ላይ አጣጥፎ "እኔ አልችልበትም" ይላል። በስተርጅና የጀመረ የለም አልልም፣ አይቻለሁ። ግን ጣት በቁርጥማት ከተያዘ በኋላ ከመጀመር ዛሬ ማታ ከሥራ ስትገቡ መጀመር ይቀላል።

ልመክራችሁ ያሰብኩት ስለ አንድ ዓይነት አሣሣል ነው። ንድፍ የለውም፣ ከፎቶ አይገለበጥም፣ "ምን ልሣል?" ተብሎም አይጀመርም። ወረቀት ትለጥፋላችሁ፣ እጃችሁ የሄደበትን ቀለም ታነሣላችሁ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን እያያችሁ ትከተሉታላችሁ። ፈረንጆቹ ኢንቱቲቭ ፔይንቲንግ ይሉታል። ሥሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፓሪስ የነበሩት ሱሪያሊስቶች፣ ሕልምንና ያልታሰበ ነገርን የሚከተሉት የጥበብ ሰዎች፣ በተለይ ሠዓሊው አንድሬ ማሶን፣ እጅን ያለ ዕቅድ ወረቀት ላይ መልቀቅን ሥራዬ ብለው ይዘውት ነበር። የኛው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎስያን ለዓመታት ፓሪስ ሲኖር ከሱሪያሊስቶቹ ሥራ ጋር ተዋውቋል፤ የኩባው ሠዓሊ የዊፍሬዶ ላም ሥራም ብዙ ነገር ሰጥቶታል። ያገኘውን ግን እንዳለ አልገለበጠም። የደብተራውን ክታብ፣ ያንን አፍጥጦ የሚያይ ዓይንና ኮከቡን፣ ይዞ ገባበት። ክታቡ ራሱ ሲታሰብ ይደንቃል፤ ብራናው የሚለካው በታማሚው ቁመት ነው፣ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው።

እስክንድር እስከ እ.ኤ.አ. 2001 ድረስ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምሮ በ2003 እዚሁ ከተማ አረፈ። እዚህ አካባቢ ያላችሁ ኤምባሲያችን ፓስፖርት ልታሳድሱ ስትሄዱ ከሠዓሊዋ ከበደች ተክለአብ ጋር የሠራው ትልቅ የአሉሚኒየም ሥራ ግድግዳው ላይ አለላችሁ። አብዛኞቻችን ቁጥራችን እስኪጠራ ስልካችን ላይ አቀርቅረን ነው የምናልፈው። የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየምም መግቢያው በነጻ ነው። የእስክንድር ሥራዎች በስብስቡ ውስጥ አሉ፤ ሁልጊዜ ግድግዳ ላይ ስለማይወጡ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከዚህ የተለየ መሆኑን ግን አትርሱ። እሱ ሥርዓት አለው፤ ጻድቁ በሁለት ዓይኑ፣ ክፉው በጎን አንድ ዓይኑ ብቻ እየታየ ይሣላል፣ ሠዓሊውም እንደፈለገው አያደርገውም። እዚህ የማወራው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ማንም ስለማያየው ወረቀት።

ስለ ዕቃው እንነጋገር፤ ብዙ ሰው መንገዱን የሚስተው ገና ሱቁ ውስጥ ነው። የዘይት ቀለም አትግዙ። ማቅጠኛው ይሸታል፣ አፓርትመንት ውስጥ ከልጆች ጋር አይሆንም፣ ለመድረቅም ቀናት ይፈልጋል። ሸራም አትግዙ። ሸራ ላይ ገንዘብ ያወጣ ሰው ሳይጀምር መፍራት ይጀምራል። ለትምህርት ቤት ልጆች የሚሸጠው በውሃ የሚለቅ ቴምፔራ ወይም ርካሹ አክሪሊክ ይበቃል። ወረቀቱ ግን ወፈር ይበል፣ የማተሚያ ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል። አንድ ሰፊ ብሩሽ፣ አንድ ቀጭን፣ የእንቁላል ካርቶን ለቀለም መደባለቂያ፣ በቃ። አክሪሊክ ብሩሽ ላይ ከደረቀ አይለቅም፤ እየሣላችሁ ውሃ ውስጥ አቆዩት፣ ስትጨርሱ በሳሙና እጠቡት። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ቆማችሁ ሣሉ፤ ቁጭ ብሎ የሚሥል ሰው እጁ ይጠብበታል። መለጠፊያው ግድግዳ ቀቢዎች የሚጠቀሙበት ሰማያዊ ፕላስተር ይሁን፤ ሲነሣ ቀለም አይልጥም፣ ቤት ስትለቁም ዲፖዚታችሁን አያስበላችሁም። ከሥር ፕላስቲክ አንጥፉ። የእንጀራ ማቀዝቀዣውን ጨርቅ አንስታችሁ እንዳታነጥፉ ብቻ፤ እኛ ቤት በዚህ የተነሣ የተባለው አይነገርም።

እንግዲህ ቆማችኋል፣ ቀለሙ ተዘጋጅቷል። ምን እንደሚመጣ ልንገራችሁ፤ ጀበና ይመጣል። ከጀበናው ጋር ሲኒ፣ ከዚያ ጎጆ፣ ጸሐይ ስትጠልቅ የቆመ ግራር፣ ገንቦ ያዘለች ሴት። አትቆጡ፣ አታጥፉትም። ስንት ዓመት ሬስቶራንቱም፣ ቲሸርቱም፣ የአዲስ ዓመት ፖስት ካርዱም ላይ ሲያዩት የኖሩት ነገር ነውና እጅ መጀመሪያ የሚያውቀውን ያወጣል። ሣሉት። ሁለተኛም ሦስተኛም ከመጣ ሣሉት። እየሣላችሁ ሳለ ጀበናው አንገቱ ይረዝማል፣ ወይም ቀለሙ አልቆባችሁ በአረንጓዴ ትጨርሱታላችሁ፣ ያኔ ነገሩ መልኩን መለወጥ ይጀምራል። ከጀበናው ጀርባ ምን እንዳለ የሚታወቀው ጀበናው ከወጣ በኋላ ነው። አንዷ አብራኝ የምትሥል ልጅ ለወራት መስቀልና አደይ አበባ ስትሥል ቆይታ አንድ ማታ የልጅነት ቤቷን የኮርኒስ አቡጀዲ ሣለች፤ ዝናብ ገብቶ ቡናማ ካርታ የመሰለውን። ጎረቤት ፖስት ካርድ አድርጎ የሚልከው ነገር አይደለም። እሷ ግን ያንን ኮርኒስ ተኝታ እያየች ነው ያደገችው።

"ይሄ ሥዕል ነው? ሀበሻነቱስ የት አለ?" የሚላችሁ አይጠፋም። ሠዓሊውና ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን፣ ኮሎኝ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ሲመለስም እንዲሁ ተብሏል፤ አብስትራክት፣ ማለትም የሚታወቅ ነገር የማይመስል ሥዕል፣ የፈረንጅ ነው፣ የኛ አይደለም ተባለ። እሱ መሣሉንም ግጥሙንም ቀጠለ። በኋላ ተሰዶ እ.ኤ.አ. በ1981 ላውተን፣ ኦክላሆማ አረፈ። ዛሬ ስድስት ኪሎ ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በስሙ ይጠራል። አገር ቤት ለዕረፍት ስትገቡ ከሠርግና ከመርካቶ መሀል አንድ ጠዋት ስጡት።

ከጀበናው ቀጥሎ የሚመጣው እንቅፋት ከዚህ ይብሳል። ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ያምርላችኋል። ሰማያዊው ከቢጫው ጋር ሲገናኝ ደስ የሚል ነገር ይወጣል፣ ወይም ፈረስ የሚመስል ነገር ትሠራላችሁ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መሣል ቀርቶ ፈረሱን መጠበቅ ይሆናል። ብሩሹ ዙሪያውን ይዞራል እንጂ አይጠጋውም። ኡበር የሚነዳ አንድ ወዳጃችን በዚህ ተይዞ ነበር፤ ፈረሱ በእውነት ቆንጆ ነበር፣ የቀረው ወረቀት ግን ባዶውን ቀረ። በኋላ "እንዳይበላሽ ባትፈራ ኖሮ አሁን ምን ታደርግ ነበር?" አልነው። ብዙ ካሰበ በኋላ ቀይ ቀለም አንሥቶ ፈረሱን ከወገቡ በታች ቀባው። ሥዕሉ ተበላሸ፤ የምሬን ነው፣ ተበላሸ። ከዚያ በኋላ ባነሣቸው ወረቀቶች ላይ ግን እጁ ተፈታ። ስትጣበቁ ያንን ጥያቄ ለራሳችሁ ጠይቁና የመጣውን አድርጉ። የተበላሸ ወረቀት ዋጋው ሳንቲም ነው።

እንግዲህ የሰው ነገር። እኛ ሀበሾች ማመስገን እንወዳለን፤ "ጎበዝ! እንዴት ያምራል!" ሳንል ካለፍን ያስቀየምን ይመስለናል። ለዚህ ሥራ ግን ሙገሳ ከስድብ እኩል ይጎዳል፤ የተመሰገነ ሰው በሚቀጥለው ቀን ያንኑ ሊደግም ይሞክራል። ስለዚህ ለፌስቡክም ለቲክቶክም አይለጠፍ፣ ለቤተሰብ ግሩፕም አይላክ። ከሰው ጋር መሣል ከፈለጋችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ እንደ ማኅበር በየቤታችሁ ተራ ግቡ፤ ሕጉ አንድ ይሁን፣ አንዱ ስለ ሌላው ሥዕል ክፉም ደግም አይናገርም። ቡናው ከሥዕሉ በኋላ ይፈላ። መጀመሪያ ከፈላ ወሬው ይይዛችሁና ቀለሙ ሳይከፈት ይመሻል። ልጆቻችሁም አጠገባችሁ መሣል ከፈለጉ ቦታ ስጧቸው፣ ግን "ይሄ ምንድን ነው?" ብላችሁ አትጠይቋቸው። ልጅ ሲጠየቅ መልስ ይፈጥራል፤ በሚቀጥለው ለመልሱ ብሎ ይሥላል።

ረጋ ብዬ መናገር የምፈልገው ነገርም አለ። ከመካከላችን ሰሃራን በእግሩ ያቋረጠ፣ ባሕር ላይ ወንድሙን ያጣ፣ ጦርነት አይቶ የመጣ ብዙ ነው። ያለ ዕቅድ ስትሥሉ ያልጠራችሁት ነገር ሊመጣ ይችላል። ማልቀስ ከመጣ ይምጣ፤ ምንም አይደለም። ነገር ግን እንቅልፍ ከነሣችሁ፣ ልብ ምት ከጨመረ፣ ያዩት ነገር ቀን በቀን እየተመላለሰ ካስቸገረ ብሩሹን አስቀምጡና ለዚህ የተማረ ሰው ዘንድ ሂዱ። "እብድ ነኝ እንዴ?" የሚለው ወሬ አያግዳችሁ። ሥዕል ሕክምና የሚሆነው ከሐኪም ጋር ሲሆን ነው፤ ብቻውን ሁሉንም አይሸከምም።

ጊዜ የለንም ለሚሉት፦ እውነት ነው፣ የለንም። ደብል ሺፍት አለ፣ ሞርጌጅ አለ፣ አገር ቤት የሚላክ አለ፣ ቅዳሜና እሑድ ለቅሶና ክርስትና አለ። ስለዚህ ጊዜ አትፈልጉ፣ ቦታ ፈልጉ። ሳይነሣ የሚያድር አንድ ጥግ፣ የልብስ ማጠቢያው አጠገብም ቢሆን። ቀለሙ ከሳጥን ወጥቶ፣ ጠረጴዛ ተጠርጎ፣ ፕላስቲክ ተነጥፎ የሚጀመር ነገር ከሥራ ደክሞ ለገባ ሰው አይጀመርም። ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ከጠበቃችሁ ግን ጫማችሁን ሳታወልቁ አንድ መስመር ታሰምራላችሁ፣ አንዳንዴ በዚያው ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ባይሄድም መስመሯ አለች።

በአሠሪ ቤት ለምትኖሩት፣ ቤሩትም ሪያድም ዱባይም ላላችሁ እህቶቼ፣ ጥግ የሚባል ነገር ቅንጦት እንደሆነ አውቃለሁ። ለእናንተ ውሃም ብሩሽም የማይፈልገው፣ እንደ ጠመኔ በእጅ የሚያዘው ኦይል ፓስቴል ይሻላል፤ አንድ ትንሽ ፓኬትና አንድ ደብተር ትራስ ሥር ይገባሉ። በጣት ይደባለቃል፣ አይሸትም። ልብስ ላይ ግን ይቀራልና ሥራ ከመግባታችሁ በፊት እጃችሁን በዘይት ጠርጋችሁ በሳሙና ታጠቡ።

ትምህርት ለሚፈልግ በየሀገሩ ርካሽ በር አለ። አሜሪካ ያላችሁ የካውንቲውን የኮሚኒቲ ሴንተር ጠይቁ፤ ጀርመን ፎልክስሆክሹለ የሚባል የአዋቂዎች ትምህርት ቤት አለ፣ እስራኤል በየሰፈሩ ማትናስ የሚባል የማኅበረሰብ ማዕከል አለ፣ ስዊድን የጥናት ማኅበራቱ የማታ ኮርስ ይሰጣሉ። ቋንቋ አይበቃኝም ብላችሁ አትቅሩ፤ ሥዕል ክፍል ውስጥ የሚወራው ትንሽ ነው፣ ሰውም ታውቃላችሁ። መምህሩ ፖምና ጠርሙስ ደርድሮ "ይህን ሣሉ" ቢላችሁ አታኩርፉ፣ ዓይን ይገራል። የማታውን ወረቀት ግን እንዲያርምላችሁ አትውሰዱለት።