«ፈሳሹን ልዘዝ ወይስ ደረቁን?» ላለችው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ቁስል ነው የተነካው። የሰው ፔሮክሲዞም (ስብ የሚሰባብር የሴል ክፍል) ሽፋን ፕሮቲን፣ ፔክስ 3ን፣ ለዌስተርን ብሎት (ፕሮቲንን በጄል ለይቶ በአንቲቦዲ የመፈለጊያ ዘዴ) ፖዘቲቭ ኮንትሮል፣ ማለትም ዘዴው መሥራቱን ለሚያሳይ ማነጻጸሪያ፣ ከውጭ ላስመጣ ነው፤ በድራይ አይስ (በረዶ በሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) የሚመጣውን ፈሳሽ ልዘዝ ወይስ በዱቄት መልክ የሚመጣውን ደረቁን ነው ያልሽው። ደረቁን እዘዢ። እኔ ቱሉ ዲምቱ ነው የምሠራው፤ ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ።

1. የማስገቢያ ፈቃድ መጠየቂያ ደብዳቤሽ ላይ «ሂዩማን» (የሰው) የሚለውን ቃል ያለ ማብራሪያ እንዳታስገቢ። እኔ ፕሮፎርማው ላይ ያለውን «ሪኮምቢናንት ሂዩማን» እንዳለ ገልብጬ ወሰድኩ። ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ያለችው ሴትዮ (የቢሮውን ስም አልጠራም፣ ነገም እሄድበታለሁ) ከወረቀቱ ቀና ሳትል «የሰው ደም ነው የምታስገባው?» አለችኝ። ደም አይደለም፣ ጂኑ ነው የሰው፣ ፕሮቲኑን የሠራው ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ነው ብዬ አስረዳሁ። «ባክቴሪያም አለበት?» ብላ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አፌን ብዘጋ ኖሮ! ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ደብዳቤ አምጣ፣ ማህተሙ አይነበብም፣ ኃላፊው ስብሰባ ገብተዋል፣ ነገ ተመለስ። በሁለተኛው ዙር ግን ገና ሳላዝ አቅራቢውን ደብዳቤ አስጻፍኩት፤ የተጣራ ፕሮቲን ነው፣ ሕያው ነገር የለበትም፣ ከሰውም ከእንስሳም አልተወሰደም፣ ለምርምር ብቻ ነው የሚል። ያቺው ሴትዮ አንብባ በአሥር ደቂቃ ፈረመች።

2. በጀትሽን በብር ብቻ አታስፈቅጂ። እኔ ያስፈቀድኩት ሐምሌ 2016 መጀመሪያ ላይ፣ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ እያለ ነው። ሐምሌ 22 ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀና በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የቀረውን ፋይናንስ ክፍል ጠይቂያቸው።

3. ዕቃው መቼ እንደሚገባ ካላንደር ይዘሽ ቁጠሪ። የእኔ ሳጥን ጥር 2017 ዓርብ ማታ ቦሌ ገባ። ቅዳሜ ከተራ፣ እሑድ ጥምቀት፣ ሰኞ ደግሞ ቃና ዘገሊላ። ሰኞ የሥራ ቀን ነው ይባላል፤ ትራንዚተሬ ግን ስልኩን ያነሳው ከታቦት ሽኝት ላይ ሆኖ ነው፣ እልልታው ይሰማኛል። ማክሰኞ ከሰዓት ተረከብኩ። ድራይ አይስ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ላይ እንዳለ ወደ ጋዝ ተለውጦ ይጠፋል፣ ውኃ እንኳን አይተውልሽም። ሳጥኑን ስከፍተው ድራይ አይሱ ጠፍቶ ደረቅ ነበር። ቲዩቡ ውስጥ እንደ ተቆራረጠ ወተት ነጭ ነጭ ነገር ይንሳፈፋል።

ቁጥሩን ልተወውና እውነቱን ልንገርሽ። ለሁሉም ሰው «ጉምሩክ ገደለብኝ» እያልኩ ነው የኖርኩት። ጥፋቱ ግን ከማዘዜ ይጀምራል። «ሙሉው ይሻላል» ብዬ 373ቱንም አሚኖ አሲድ የያዘውን፣ ሽፋኑ ላይ የሚተከለው ጫፉ ያልተቆረጠውን ነው ያዘዝኩት። ያ ጫፍ ውኃ ይጠላል፤ ያለ ዲተርጀንት (ሳሙና መሰል ነገር) ሟሙቶ አይቆምም። እኔ ደግሞ የተረፈውን ዲተርጀንት በሌለው ፒቢኤስ (የላብራቶሪ ጨው ውኃ) በጠበጥኩት። አልበቃ ብሎኝ እንደማንኛውም ሳምፕል 95 ዲግሪ ላይ አምስት ደቂቃ ቀቀልኩት። የሽፋን ፕሮቲን ሲቀቀል እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ጄሉ ላይ ከጉድጓዱ ሳይወርድ እዚያው ተለጥፎ ቀረ። 37 ዲግሪ ላይ ግማሽ ሰዓት ማቆየት እንደሚሻል የነገረኝ ከእኔ በኋላ የገባ ልጅ ነው። አፈርኩ።

አንቺ የምትፈልጊው ባንድ (ብሎቱ ላይ የሚታየው መስመር) ብቻ ከሆነ ጫፉ የተቆረጠው፣ ሂስ ታግ (ለማጣሪያ የሚቀጠል አጭር ቅጥያ) ያለው ደረቁ ይበቃሻል። የሴልሽ ፔክስ 3 42 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) አካባቢ ነው፤ ይኼኛው ከእሱ ጋር እኩል ባይወርድ አትደንግጪ። አንቲቦዲሽ ግን የተቆረጠውን ጫፍ የሚይዝ እንዳይሆን ከማዘዝሽ በፊት አረጋግጪ። ከፔክስ 19 (ከፔክስ 3 ጋር ከሚጣበቀው ፕሮቲን) ጋር ማያያዝ ምናምን ካሰብሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ የእኔ ምክር አይመለከትሽም።

ሁለተኛው ደረቁ ነበር። መጋዘን ዘጠኝ ቀን ተቀምጦ ምንም አልሆነም። ከቦሌ እስከ ቱሉ ዲምቱ ራይድ ውስጥ ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ፤ ሹፌሩ «የማን ልደት ነው?» አለኝ። ከበጠበጥሽው በኋላ ግሊሰሪን ጨምረሽ በትንንሽ ቲዩብ ከፋፍይና ከዜሮ በታች 80 ላይ አስቀምጪ፤ አንድ ቲዩብ ለአንድ ቀን። እኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ጄነሬተሩ ናፍጣ የለውም፣ ስለዚህ ፍሪዘሩ ላይ «አትክፈቱ» ብዬ በቀይ ጽፌ ለጥፌያለሁ።

አንድ ነገር ረስቼ። ቲዩቡ ሲመጣ ባዶ ይመስልሻል። ሃምሳ ማይክሮግራም ለዓይን አይታይም፣ ክዳኑ ላይም ሊለጠፍ ይችላል፤ ሳትከፍቺ ሴንትሪፊውጅ አድርጊው። እኔ «ባዶ ቲዩብ ላካችሁልኝ» ብዬ ለአቅራቢው በቁጣ ኢሜይል ጽፌያለሁ፣ ከፎቶ ጋር። የደብዳቤውን ናሙና ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝ።