መልስ፦ ስቴፑን ወደ 408 አትቀይረው

ወንድሜ፣ ቤት የሠራኸው ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ ማሽን) 100 ሚሊሜትር ስታዘው 98 እየቆረጠ፣ ክቡም እንቁላል እየመሰለ ስላስቸገረህ «በአንድ ሚሊ የሚረግጠውን ስቴፕ (የሞተሩን ትንንሽ እርምጃ) ከ400 ወደ 408 ላድርገው ወይ?» ብለሃል። ተው፣ አትንካው። ሞተርህ በዙር 200 ስቴፕ ነው፣ ሞተሩን የሚያዘው ድራይቨር እያንዳንዱን ስቴፕ በ16 ይከፍለዋል፣ ሊድ ስክሩ (ማሽኑን የሚገፋው ረጅም ብሎን) በዙር 8 ሚሊ ያስኬዳል። 200 በ16 ሲባዛ 3,200፤ እሱ ለ8 ሲካፈል 400። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ችግሩ ያለው ብረቱ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሞተሩንና ስክሩን የሚያገናኘውን ካፕሊንግ እይ። ከካፕሊንጉ እስከ ስክሩ በማርከር ቀጥ ያለ መስመር አስምርና ትንሽ አስቆርጠው። መስመሩ ከተዛነፈ ብሎኑ ላልቷል፣ አጥብቀው። የሞተሩንም በኩል እንደዚሁ እይ። ካልተዛነፈ ስክሩ ላይ ወደሚሄደው ዳዶ ሂድ። ሞተሩ በርቶ ስክሩን እንደያዘ ጋንትሪውን (መቁረጫውን ተሸክሞ የሚሄደውን ድልድይ) በእጅህ ወዲህ ወዲያ ግፋው። ቀጭ ቀጭ ካለ ዳዶው ተበልቷል፤ በስፕሪንግ የሚወጠረውን ዓይነት ግዛ። ክብን እንቁላል የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

የደብረ ብርሃንን ጠዋት ደግሞ መቼም ታውቀዋለህ። ስክሩን ወፍራም ግሪስ ከቀባህ በብርዱ ይጠጥርና ሞተሩ ስቴፕ ይዘላል። ጠርገህ ቀጭን የማሽን ዘይት አድርግበት። ዋንዛ ስትቆርጥም መቁረጫውን በአንዴ ከ1 ሚሊ በላይ አታስወርደው።