ቅጠሉ ለምን ቢጫ ሆነ? እና ሌሎች የሞንስቴራ ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ዙር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ተክል ናቸው። ስለ ሞንስቴራ፤ ያ ትልልቅና የተሰነጣጠቀ ቅጠል ያለው። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ወደ ጎን ብዬ እሱኑ ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ፖቶስ ወይም ፊሎዴንድሮን ያላችሁም አንብቡት። ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፣ ጠባያቸውም ይቀራረባል።

*ሰላም። ሞንስቴራ ከገዛሁ አምስት ወሬ ነው። ሳሎን ጥግ ላይ፣ ከሶፋው ጀርባ ነው ያለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ትልልቅ ኩባያ ውሃ አጠጣዋለሁ፣ አንድም ቀን ዘልዬ አላውቅም። አሁን ከታች ያሉት ቅጠሎች አንድ በአንድ ቢጫ እየሆኑ ነው። ውሃ አንሶት ይሆናል ብዬ ረቡዕም ጨመርኩለት። ባሰበት። ምን ላድርግ?*
*የጨነቃት*

እህቴ፣ ረቡዕን ተይው። ለጊዜው ቅዳሜንም ተይው። ተክሉ ቅዳሜ መሆኑን በምን ያውቃል?

ተክል ውሃ የሚጠጣው በብርሃን ልክ ነው። ብርሃን ሲያገኝ ቅጠሉ ይሠራል፣ ሲሠራ ውሃ ይተንበታል፣ የተነነውን ለመተካት ከሥሩ ይስባል። ሶፋ ጀርባ ያለ ሞንስቴራ ግን ሥራ ፈት ነው። ብዙም አይጠጣም። አንቺ በየሳምንቱ ስታጠጪ ያለፈው ሳይደርቅ አዲሱ ይደረብበታል። ሥር ደግሞ እንደኛው አየር ይፈልጋል፣ አየሩን የሚያገኘው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ካሉት ክፍተቶች ነው፣ ክፍተቶቹ ሁልጊዜ ውሃ ከሞላባቸው ሥሩ ታፍኖ ይሞትና የሚያበሰብሱ ተሐዋስያን ይሰፍሩበታል፣ ከዚያ ወዲያ ውሃ ውስጥ ተነክሮ እያለ መጠጣት ያቅተዋል። ቅጠሉ ይገረጣል፣ ይጠወልጋል። ባለቤቱ "ጠምቶታል" ብሎ ይጨምርለታል። ረቡዕ የሆነው ይኸው ነው።

ዛሬውኑ ጣትሽን ግማሹ እስኪገባ አፈሩ ውስጥ ክተቺ። ቀዝቀዝ ካለሽና ጭቃ ተለጥፎበት ከወጣ ውሃ አያስፈልገውም። ሳምንት አልፎትም እንደዚያው ከሆነ ከማሰሮው አውጥተሽ እዪው። ማሰሮውን ወደ ጎን አጋድሚ፣ ግንዱን ከታች ያዝ አድርጊና ቀስ ብለሽ ሳቢ። ደህናው ሥር ነጣ ያለ ነው፤ ሲጫኑት ጠንከር ይላል። የበሰበሰው ቡናማ ሆኖ ይላላል። በሁለት ጣት ይዘሽ ስትስቢው ቅርፊቱ እንደ ካልሲ ሹልክ ብሎ ይወጣና መሃሉ ላይ ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። ሽታውም አይጠፋሽም፤ የከረመ የረጋ ውሃ ሽታ ነው። ያረጁ ወፋፍራም ሥሮች መልካቸው ቡናማ ቢሆንም ጠንካራ ከሆኑ አትንኪያቸው። የላላውን ግን በአልኮል በተጠረገ መቀስ እስከ ደህናው ድረስ ቁረጪ።

መልሰሽ ስትተክይው የቀረው ሥር ልክ በሆነ ማሰሮ ይሁን። ትልቅ ማሰሮ ውለታ አይደለም። ሥር ያልደረሰበት አፈር ውሃውን ይዞ ይቀመጣልና። አፈሩም እፍግፍግ ያለ እንዳይሆን፤ ፔርላይት (አፈር የሚያላላ ቀላል ነጭ የድንጋይ ፍርፋሪ) እና የተሰባበረ የዛፍ ቅርፊት ቀላቅዪበት። ማዳበሪያ አሁን አያስፈልገውም፣ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ጠብቂ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። የመጀመሪያ ሞንስቴራዬን የገደልኩት እኔው ነኝ። ከታች ቀዳዳ የሌለው የሚያምር ማሰሮ ገዛሁና "ጠጠር ከሥሩ ከነሰነስኩበት ውሃው ወደዚያ ይወርዳል" አልኩ። አይወርድም። ደቃቅ አፈር ውሃውን እንደ ስፖንጅ ይዞ ይቆያል፤ እስኪጠግብ ድረስ ወደ ጠጠሩ አያሳልፍም። ስለዚህ ጠጠሩ ያደረገው ነገር ቢኖር እርጥቡን አፈር ወደ ሥሩ ይበልጥ ማስጠጋት ነው። ማሰሮ ቀዳዳ ይኑረው፣ በቃ። የሚያምረውን ከውጭ እንደ ልብስ ደርቢለት፣ የተጠራቀመውን ውሃ ግን ድፊው።

ከዚያ ከሶፋው ጀርባ አውጪው! ከመስኮት አንድ ሜትር ገደማ አካባቢ አድርጊው፣ የቀትር ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ቦታ። ዓይናችን ያታልላል፣ ጨለማውን ይለምድና ክፍሉ ብሩህ ይመስለናል። በቀን እጅሽን ከቅጠሉ በላይ አንድ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገሽ ዘርጊ። ቅጠሉ ላይ ለስለስ ያለ ጥላ ከታየሽ ቦታው ጥሩ ነው። ምንም ጥላ ከሌለ ይርበዋል። ጫፉ ቁልጭ ያለ ጥላ ከሆነ ደግሞ ፀሐዩ በቀጥታ እያረፈበት ነው፣ ሊያቃጥለው ይችላል።

ከእንግዲህ ላይኛው 5 ሴንቲ ሜትር ሲደርቅ ብቻ፣ ያኔም ከታች እስኪንጠባጠብ አጠጪው። ማሰሮውን አንሺና ክብደቱን ልመጂው፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጣትም አያስፈልግሽም። ቢጫ የሆኑት ቅጠሎች ተመልሰው አረንጓዴ አይሆኑም፣ ቁረጫቸው። ወደፊት አልፎ አልፎ ከታች አንድ ቅጠል ቢጫ ቢሆን እርጅና ነው፣ አትደንግጪ።

*ሞንስቴራ ተብሎ ነው የተሸጠልኝ። ግን አንድም ቅጠሉ ቀዳዳ የለውም። ሁሉም የልብ ቅርጽ ናቸው። ተሸወድኩ እንዴ?*
*ቀዳዳ ፈላጊ*

አልተሸወድክም፣ ልጅ ነው የገዛኸው። የሞንስቴራ ልጆች ቅጠላቸው ድፍን ነው። ግንዱ እየወፈረ፣ ቅጠሉም እየሰፋ ሲሄድ መጀመሪያ ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ መሃሉ አጠገብ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይመጣሉ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። ቀዳዳው የሚፈጠረው ቅጠሉ ገና ተጠቅልሎ ሳይከፈት ነው። በዚያ ቦታ ያሉት ሴሎች በተወሰነላቸው ጊዜ ራሳቸው ይሞታሉ። ስለዚህ ድፍን ሆኖ የተከፈተ ቅጠል ዕድሜውን ሙሉ ድፍን ነው። እሱን አትጠብቀው፣ የሚቀጥለውን ጠብቅ።

ለምን ይበሳል የሚለው እስካሁን ያነጋግራል። እኔን የሚያሳምነኝ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ሐሳብ ነው። ተክሉ በተፈጥሮው ከደቡብ ሜክሲኮ ጀምሮ በመካከለኛው አሜሪካ ደኖች ከትልልቅ ዛፎች ሥር ነው የሚያድገው። እዚያ ፀሐይ የሚደርሰው በዛፎቹ መሃል ሾልኮ፣ እዚህም እዚያም ጠብ እያለ ነው። ቀዳዳ ያለው ቅጠል ያንኑ ያህል ሥጋ ይዞ ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ይዘረጋል፣ ስለዚህ ከጠብታዎቹ አንዷ ሳትነካው የማለፏ ዕድል ይቀንሳል። መረብ በለው።

ላንተ የሚጠቅመው ግን ይሄ ነው፤ ብርሃን ካነሰው አይበሳም። ሁለተኛ፣ መውጫ ይፈልጋል። ከግንዱ የሚወጡት እንደ ገመድ ያሉት ቡናማ ነገሮች የአየር ሥሮች ናቸው፣ ዛፍ ላይ ተጣብቆ ሲወጣ የሚይዝባቸው። አስጠሉኝ ብለህ አትቁረጣቸው። መሃሉ ላይ ጠንካራ እንጨት ትከልለትና ግንዱን በላላ ክር እሰረው። ቅጠሉን አትሰር፣ የቅጠሉንም እጀታ አትሰር፤ ወደ ብርሃን ሲዞር ይሰበራል። ሽቅብ የወጣ ሞንስቴራ ቅጠሉ እየሰፋ ይሄዳል፣ መሬት ለመሬት የተንፏቀቀው ግን እንደዚያው ትንሽ ሆኖ ይቀራል።

*ከማሰሮው አፈር ጥቃቅን ጥቁር ትንኞች ይነሳሉ። ቴሌቪዥን ስናይ አፍንጫችን ውስጥ ሊገቡ ምንም አይቀራቸውም። መርዝ ልርጭ?*

አትርጪ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት እርጥብ በሆነው ላይኛው አፈር ላይ ነው። እሱ ይድረቅ። ቢጫ ሙጫ ወረቀት ማሰሮው ላይ ሰክተሽ የሚበሩትን ያዥ። አንድ ወር ያህል ሳትሰለቺ ቀጥዪ፤ የሚበሩት ቢያልቁ አፈር ውስጥ ያሉት ትሎች ተራቸውን ይጠብቃሉና። አሁንም ውሃ በዝቶ ነው፣ የመጀመሪያዋን ጠያቂ መልስ አንብቢው።

*ጠዋት ስነሳ ቅጠሉ ጫፍ ላይ የውሃ ጠብታ አያለሁ። ወለሉም ይረጥባል። ታሟል? ሌላው ደግሞ የአንዳንዱ ቅጠል ጠርዝ ደርቆ ቡናማ ሆኗል። እርጥበት ይወዳል ሲሉ ሰምቼ በቀን ሦስቴ ውሃ እረጭበታለሁ።*
*ማለዳ ተነሺ*

ጠብታው በሽታ አይደለም። ሌሊት ከቅጠሉ ብዙ ውሃ አይተንም፣ ሥሩ ግን ከእርጥብ አፈር መሳቡን አያቆምም። የተረፈው በቅጠሉ ጠርዝ ይወጣል። አልፎ አልፎ ከሆነ እለፊው። በየቀኑ ከሆነ ግን አፈሩ ከሚገባው በላይ እርጥብ ነው ማለት ነው።

የምትረጪው ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። የክፍሉን አየር አይለውጠውም፣ ልፋቱ ላንቺ ብቻ ነው። እንደውም ውሃው ጨው የበዛበት ከሆነ ቅጠሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። የደረቀ ጠርዝ ሲኖር እኔ መጀመሪያ የማየው ሥሩን ነው፤ አንድ ሰሞን ክው ብሎ ደርቆ አንድ ሰሞን ተጥለቅልቆ እንደሆነ። ቀጥሎ ማዳበሪያን፤ የበዛ ማዳበሪያ አፈሩ ላይ ጨው ይከምራል፣ ጨዉም ጠርዙን ያቃጥላል። ከሆነ ማሰሮውን ቧንቧ ሥር አስቀምጪና ብዙ ውሃ አሳልፊበት፣ ከዚያ በደንብ ይንጠፍጠፍ።

በሦስቱ ርጭት ፋንታ በወር አንዴ ሁለቴ ቅጠሉን በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጊ። አቧራ ብርሃን ይከለክላል። ለማብረቅረቅ ብለሽ ዘይት ወይም ወተት እንዳትቀቢ። ስትጠርጊ ጀርባውንም ገልበጥ አድርገሽ እዪ። ደቃቅ ድርና አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ነጠብጣብ ካየሽ ከሸረሪት የሚዛመዱ በጣም ጥቃቅን ተባዮች ናቸው። በውሃ አጥበሽ በፀረ ተባይ ሳሙና አብሺ፣ በሳምንቱም ድገሚው።

*ጤና ይስጥልኝ። ልጄ መኝታ ቤቴ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሞንስቴራ አስቀመጠችልኝ። አየር ያጸዳል ትላለች። እኔ ደግሞ ተክል ማታ ማታ ኦክስጅን ይሻማል ሲባል ነው ስሰማ የኖርኩት። ማናችን ነን ልክ?*
*ጡረተኛ አንባቢ*

ጤና ይስጥልኝ አባቴ። ይቅርታ ያድርጉልኝና ሁለታችሁም አይደላችሁም። ተክል ማታ ኦክስጅን መጠቀሙ እውነት ነው፣ መጠኑ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አጠገብዎ የሚተኛ ሰው ከሁለቱ ተክሎች እጅግ የበለጠ ይጠቀማል፣ እሱን ደግሞ ማንም ከመኝታ ቤት አያስወጣም።

የልጅዎ ሐሳብ የመጣው ናሳ በ1989 እ.ኤ.አ. ካወጣው ጥናት ነው። ተክሎች ከአየር ውስጥ አንዳንድ ኬሚካሎችን ሲቀንሱ ታይቷል። ግን ሙከራው የተሠራው ትንሽ፣ ድፍን ሣጥን ውስጥ ነበር። ቤት ደግሞ ሣጥን አይደለም፣ አየር ይገባል ይወጣል። በ2019 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የቀደሙትን ሙከራዎች ሰብስበው ሲያሰሉ፣ አንድ ሕንፃ በተለመደው የአየር ዝውውር ብቻ የሚያስወግደውን ያህል ለማስወገድ በካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1000 ተክል ያስፈልጋል። እርስዎ ያሉዎት ሁለት ናቸው። መስኮቱን ይክፈቱ፣ ተክሎቹንም አያስወጧቸው፤ ልጅዎ ታዝናለች።

*ድመቴ ቅጠሉን ነክሳ አፏን እያሸች ምራቋ ይዝረከረክ ጀመር። መርዝ ነው?*
*ባለ ድመት*

ቅጠሉ ውስጥ መርፌ የሚመስሉ የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች አሉ። ሲነከስ አፍና ጉሮሮ ውስጥ ይሰካሉ፣ ያቃጥላሉ፣ ያሳብጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ለሞት አያደርስም፣ ግን መዋጥ ወይም መተንፈስ ካቃታት ሳትዘገዪ ወደ እንስሳት ሐኪም። ለሕፃንም፣ ለውሻም ያው ነው። ስለዚህ ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ፣ ስትቆርጪውም ጓንት አድርጊ፤ ፈሳሹ ቆዳ ያሳክካል።

*ጓደኛዬ ከሞንስቴራዋ አንድ የሚያምር ቅጠል ቆርጣ ሰጠችኝ። ውሃ ውስጥ ካስቀመጥኩት ስምንት ወር ሆነው። ቅጠሉ አሁንም አረንጓዴ ነው፣ ከእጀታው ጫፍ ጥቂት ሥርም አውጥቷል። አዲስ ቅጠል ግን የለም። እስከ መቼ ልጠብቅ?*
*ትዕግሥቱ ያለቀ*

ወንድሜ፣ አትጠብቅ። አይመጣም።

የተሰጠህ ቅጠልና እጀታው ብቻ ነው። አዲስ ተክል የሚወጣው ከአንጓ ነው። አንጓ ማለት ግንዱ ላይ ቅጠሉ የተጣበቀበት፣ ቀለበት መሳይ ምልክት ያለበት፣ ብዙ ጊዜ የአየር ሥር ብቅ የሚልበት ቦታ ነው። እዚያ አጠገብ ትንሽ እብጠት አለች፣ የወደፊቱ ግንድ እሷ ውስጥ ነው ያለው። እጀታው ላይ ያቺ የለችም።

ጓደኛህን እንደገና ለምናት። ከአንጓው በታች ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብላ፣ ግንዱን ጨምራ፣ በንጹሕ ቢላ ትቁረጥልህ። የአየር ሥር ካለበት ይበልጥ ጥሩ። ቁስሉ አንድ ቀን ይድረቅ፣ ከዚያ አንጓውን ብቻ ውሃ ውስጥ ንከር፣ ቅጠሉ ከውጭ ይሁን። ብርሃን ያለበት ቦታ አድርገው፣ ውሃውን በየጥቂት ቀኑ ቀይር። ሥሩ ጣት ያህል ሲረዝም ወደ አፈር።

የስምንት ወሩን ቅጠል ግን አትጣለው። ጠርሙስ ውስጥ ያምራል፣ ደግሞ እስካሁን ያንተን ያህል የታገሰ ቅጠል አላየሁም።